ለክራር ጉልበት፦ አንድ ትራንዚስተር፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ሰሌዳ

በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ስንጽፍ ብዕራችን የሚያዘነብለው ወደ አገርና ወደ ታሪክ ነው። እኔም ዛሬ ከዚያ ብዙ አልርቅም። የምነሳው ግን ከጥፍር ብዙም ከማትበልጥ፣ ሦስት እግር ካላት አንዲት ዕቃ ነው፤ ትራንዚስተር ትባላለች። ሙያው የሌለው አንባቢም እንዲከተለኝ አድርጌ አሠራሯን ላስረዳ፣ ከዚያም ከክራራችንና ከልጆቻችን ጋር የሚያገናኛትን ነገር ልናገር።

ከኦክላንድ እስከ ሳንሆዜ በብዙ የሐበሻ ቤት ክራር አለ። ያለው ግን ግድግዳ ላይ፣ ከስፌቱ አጠገብ ተሰቅሎ ነው። እንግዳ ያየዋል፤ የሚነካው የለም። አልፎ አልፎ አንድ ልጅ አውርዶ ሊማርበት ቢነሳና በበዓል ቀን አዳራሽ ውስጥ ይዞት ቢቀርብ፣ ከበሮውና ኪቦርዱ ይውጡታል። ክራር ለእልፍኝ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ አምስት መቶ ሰው በሚያወራበት አዳራሽ ውስጥ ብቻውን አይሰማም። ልጁ ሁለት ጊዜ ሳይሰማ ከቀረ ሦስተኛ አይሞክርም። ክራሩም ወደ ግድግዳው ይመለሳል።

ጊታርም በአንድ ወቅት ይኸው ችግር ነበረበት። መፍትሔው የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ማጉላት ሆነ። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ላይ ማይክ ማቲውስ የተባለ ሰው ባቋቋመው ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ በተሰኘ ድርጅት፣ ኢንጂነሩ ቦብ ማየር በአንዲት ትራንዚስተር የሚሠራ ትንሽ የድምፅ ማጎልበቻ ሠራ። ጊታረኞች ቡስተር ይሉታል። ሥራው ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ወደ ትልቁ ማጉያ ከመግባቱ በፊት ማበርታት ነው። ይህን ሰርኪዩት ማንም ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሊሠራው ይችላል። እኔም ኩፐርቲኖ ውስጥ ከወዳጆቼ ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የምሠራው እርሱን ነው።

ለመሆኑ «ማጉላት» ሲባል ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው ትንሹ ድምፅ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ የሚተልቅ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የመስኖ ቦይ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ገበሬው በእጁ የሚያነሳትና የሚመልሳት መዝጊያ ቀላል ናት፤ በእርሷ በኩል የሚያልፈው ውሃ ግን ማሳ ያጠጣል። ጉልበቱ የወንዙ ነው፤ ትእዛዙ የገበሬው። በእኛ ሰርኪዩት ውስጥ ወንዙ ባትሪው ነው፣ መዝጊያዋ ትራንዚስተሯ ናት፣ መዝጊያዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ደግሞ የክሩ ንዝረት ነው። ደካማው ድምፅ ራሱ አይወፍርም፤ በእርሱ ልክ የሚታዘዝ ጉልበት ያገኛል።

ትራንዚስተር የተፈለሰፈችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1947 ኒውጀርሲ በሚገኘው በቤል ላቦራቶሪ ነው። ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ዊልያም ሾክሌይ በ1956 ከኩፐርቲኖ ብዙም በማይርቀው ማውንቴን ቪው ላቦራቶሪ ከፈተ። በማግስቱ ዓመት ስምንት ሠራተኞቹ ጥለውት ወጥተው ፌርቻይልድን መሠረቱ፤ ሲሊከን ቫሊ የምንለው ነገር በብዙው ከዚያ የተቀዳ ነው። እዚህ ኩፐርቲኖ ባለው ሆምስቴድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጆን ማኮለም የተባሉ መምህር ኤሌክትሮኒክስ ያስተምሩ ነበር፤ ስቲቭ ዎዝኒያክም ስቲቭ ጆብስም በክፍላቸው ተቀምጠዋል። ዛሬ ያ ዓለም ጠቧል። ዕቃ የምንገዛበት ሃልትድ በ2019፣ ፍራይስ በ2021 ተዘግተዋል። አፕል በ2020 ያወጣው ኤም1 የተሰኘው ቺፕ 16 ቢሊዮን ትራንዚስተር አለው። ልጆቻችን ያንን በቦርሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ከ16 ቢሊዮኑ አንዷን እንኳ በእጃቸው ነክተው አያውቁም።

እንግዲህ አንዷን እንንካ። የምንሠራበት ሰሌዳ ብሬድቦርድ ይባላል። ስሙ በቀጥታ የዳቦ መክተፊያ ማለት ነው፤ የጥንት የሬዲዮ አፍቃሪዎች ከወጥ ቤት በወሰዱት ጣውላ ላይ ምስማር እየመቱ ይሠሩ ስለነበር። የዛሬው ፕላስቲክ ነው። ቀዳዳዎቹ በ2.54 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። መሐል ለመሐል ቦይ አለው፤ ከቦዩ ግራና ቀኝ በየረድፉ ያሉት አምስት አምስት ቀዳዳዎች ከሥር በብረት የተያያዙ ናቸው። ዳርና ዳር የሚሄዱት ረጃጅም መስመሮች የባትሪው ናቸው፤ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊው ኔጋቲቭ። እርሳስ አቅልጦ መበየድ አያስፈልግም። የተሰካው ይነቀላል፣ የተነቀለው ይሰካል። ለልጅ ከዚህ የተሻለ ደብተር አላውቅም።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፤ 2ኤን5088 የምትባል ትራንዚስተር፤ አራት ሬዚስተሮች (430 ኪሎ ኦም፣ 43 ኪሎ ኦም፣ 10 ኪሎ ኦምና 390 ኦም)፤ ሁለት ባለ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች፤ አንድ ባለ 100 ኪሎ ኦም የድምፅ መቀነሻና መጨመሪያ፤ ሁለት የጊታር ጃክና ጥቂት ሽቦ። 430 እና 43 ከጠፉ 470 እና 47 ይተኳቸዋል፤ ዋናው በመሐላቸው ያለው የአሥር ለአንድ ምጣኔ ነው። ማጉያው ካለ የቀረው ዕቃ ዋጋ ከአንድ የምግብ ቤት ምሳ እምብዛም አይበልጥም።

የትራንዚስተሯን ጠፍጣፋ ፊት ወደ ራሳችን፣ እግሮቿን ወደ ታች አድርገን በሦስት የተለያዩ ረድፎች እንሰካታለን። ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ናቸው። 10 ኪሎ ኦሙ ከኮሌክተር ወደ ቀዩ መስመር፣ 390ው ከኤሚተር ወደ ሰማያዊው ይሄዳል። 430ው ከቤዝ ወደ ቀዩ፣ 43ቱ ከቤዝ ወደ ሰማያዊው። እነዚህ ሁለቱ መዝጊያዋን ግማሽ ከፍተው የሚይዙ ናቸው፤ ግማሽ ካልተከፈተች ንዝረቱ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚሄድበት ቦታ አያገኝም። ከጊታሩ የሚመጣው ሽቦ በአንዱ ካፓሲተር በኩል ወደ ቤዝ ይገባል። ከኮሌክተር በሁለተኛው ካፓሲተር በኩል ወጥቶ ወደ ድምፅ ማስተካከያው አንድ የዳር እግር ይደርሳል። ሌላው የዳር እግር ከሰማያዊው ጋር ይያያዛል፤ የመሐሉ እግር ወደ ማጉያው ይወጣል። የሁለቱም ጃኮች ውጫዊ ብረት ከሰማያዊው ጋር ይታሰራል። ካፓሲተሮቹ የባትሪውን ቋሚ ቮልት አግደው ንዝረቱን ብቻ የሚያሳልፉ በረኞች ናቸው።

ድምፅ ከመሞከር በፊት መለካት ይቀድማል። ሜትሩን ይዘን ቤዝ ላይ 0.8 ቮልት፣ ኤሚተር ላይ 0.2፣ ኮሌክተር ላይ ወደ 4.5 የሚጠጋ ካገኘን ሥራችን ሰምሯል። ኮሌክተሩ ሙሉውን 9 ካሳየ መዝጊያዋ አልተከፈተችም፤ የኤሚተሩ ወይም የቤዙ ሽቦ ከቦታው ወጥቷል። ግማሽ ቮልት እንኳ ካልሞላ ደግሞ ጨርሳ ተከፍታለች፤ 43ቱ ሬዚስተር አልተያያዘም ማለት ነው። ልጆቹን ከሁሉ በላይ የሚያስደስታቸው ይህ ምርመራ መሆኑን አይቻለሁ። ማንም «ስህተት ነው» ብሎ አይቆጣቸውም፤ ቁጥሩ ራሱ የት እንደሚፈልጉ ይነግራቸዋል።

ይህ ሰርኪዩት ምልክቱን ሃያ እጥፍ ያህል ያሳድጋል፤ 10 ኪሎው ለ390ው ሲካፈል ከሚወጣው ትንሽ ዝቅ ይላል። ከባትሪው የሚጠጣው ግማሽ ሚሊአምፕ ገደማ ስለሆነ አንድ ባትሪ ለወራት ይበቃል። በ9 ቮልት ማንም አይጎዳም። የትልቁን ማጉያ ሆድ ግን ማንም ልጅ አይክፈት፤ በተለይ ባለ ቱቦው ውስጥ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይገድላል።

ክራር ሲመጣ አንድ ነገር ይጨመራል። የክራር ክር ብዙ ጊዜ ጅማት ወይም ናይሎን ስለሆነ የጊታር ማግኔት አይሰማውም። ስለዚህ በገበቴው ቆዳ ላይ ፒዬዞ የምትባል እንደ ሳንቲም ያለች ስስ ሳህን እንለጥፋለን። ፒዬዞ ደግሞ ሸክም አትችልም። ከላይ የሠራነው ሰርኪዩት ወደ 30 ኪሎ ኦም የሚሆን ሸክም ስለሚጭንባት ወፍራሞቹ ክሮች ይሳሳሉ፣ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል። መድኃኒቱ ከፊቷ ጄፌት የተባለች ሌላ ዓይነት ትራንዚስተር ማስቀደም ነው፦ ጌቷ በ1 ሜጋ ኦም፣ ሶርሷ በ10 ኪሎ ኦም ወደ ሰማያዊው፣ ድሬኗ በቀጥታ ወደ ቀዩ፤ ፒዬዞዋ ጌቱ ላይ ትገባለች፣ ድምፁ ከሶርሱ ይወጣል። ይህች ትራንዚስተር ምንም አታጎላም። ሥራዋ ተናጋሪውን ሳትጫን መስማትና የሰማችውን ማቀበል ብቻ ነው። ቦታዋም ከክራሩ አጠገብ ነው፤ ረጅም ሽቦ ከተጓዘ በኋላ የሚጎለብት ድምፅ በመንገድ የለቀመውን ጉርምርምታም አብሮ ያጎላል።

«ክራርን በኤሌክትሪክ ማበላሸት ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ የገበቴው የእንጨት ድምፅ በማጉያ ውስጥ እንዳለ አያልፍም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንዲያስቡልኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ዛሬ «የድሮ ዘፈን» ብለን የምንናፍቀው የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ሙዚቃ ራሱ የኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን ሥራ ነው። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 (እ.ኤ.አ.) «እሬ መላ መላ»ን የተጫወተው ከአይቤክስ ባንድ ጋር ነው፤ በዚያ ባንድ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ ጊታሩን የያዘው ሰላም ሥዩም ነበር። ትዝታና ባቲ በሽቦና በማጉያ ውስጥ አልፈው ወደ እኛ ደርሰዋል። እዚሁ ሳንፍራንሲስኮ አካባቢ ሙያዋን የገነባችው መክሊት ሀደሮም ክራርንና ጊታርን በአንድ መድረክ ላይ ይዛ ትቀርባለች።

ሁለተኛ፣ ቡስተር ሲበዛ ድምፁ ይሻክራል፤ ሞገዱ የባትሪውን ጣሪያ ነክቶ ጫፉ ይቆረጥና አዳዲስ ቅላጼዎች ይወለዳሉ። ይህ የነጭ ፈጠራ ብቻ ይመስለናል። በገና እንዲያ የሚያጉረመርመው ግን ለምንድን ነው? እንዝራ የተባለች ቁራጭ ቆዳ በክሩና በድልድዩ መካከል ገብታ ክሩን ስለምታንቀጠቅጠው ነው። አባቶቻችን ንጹሕ ድምፅ መስማት አቅቷቸው አይደለም፤ ሻካራውን ፈልገው፣ ዕቃ ሠርተው ጨምረውበታል። ያን ቁራጭ ቆዳ ያስገባ እጅ ዛሬ ቢኖር ሬዚስተሩን ለመለወጥ የሚያቅማማ አይመስለኝም።

ወደ ዋናው ነገሬ የሚያመጣኝም ይኸው እጅ ነው። እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች ቃል እናከብራለን፤ እጅን ግን ከልብ አክብረን አናውቅም። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብና ቡዳ፣ ቆዳ የሚፍቀውን ፋቂ፣ ክራር የሚመታውን አዝማሪ እያልን ሰድበናል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ ከውዳቂ ብረት ዕቃ የሚያወጡትን ሰዎች ዛሬም ቢሆን ከኢንጂነር ጎን የሚያስቀምጣቸው ስንቱ ነው? እዚህም መጥተን ልጆቻችንን ስለ ባህላቸው ስንመክር በቃል ብቻ ነው። ምክሩ ደግሞ እንደ አዳራሹ ክራር ነው፤ አይሰማም። እኛም መፍትሔ የሚመስለን ጮክ ብሎ መናገር ነው።

ትራንዚስተሯ የምታስተምረው ሌላ ነው። ደካማ ድምፅ የሚበረታው ጉልበት ያለበት ቦታ ላይ በትክክል ሲገናኝ ነው። ልጆቻችን ጉልበት አላቸው፤ የማወቅ ጉጉታቸው ባትሪ ነው። ክራሩን ከግድግዳው አውርደን «ይህን እንዲሰማ አድርገው» ብለን ብንሰጣቸው፣ ገበቴ፣ ቀንበርና ቅኝት የሚሉትን ቃላት ሳንለምናቸው ይማራሉ፤ ለሥራቸው ያስፈልጓቸዋልና። ክራሩም የአያት ቅርስ መሆኑ ይቀርና የራሳቸው ዕቃ ይሆናል።

የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ቅዳሜና እሑድ አማርኛ በምናስተምርበት ስፍራ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ክራር፣ ጥቂት ሰሌዳዎችና ይህን ሙያ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ቺፕ የሚነድፉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም፤ በወር ሁለት ሰዓት ቢሰጡ ይበቃል። ባለሙያዎቹም የክራር ቅኝት የሚያውቀውን አዛውንት አጠገባቸው ያስቀምጡ፤ አንዱ ያለ ሌላው ሥራው ጎዶሎ ነውና።

ቸር እንሰንብት።