የኦክስጅን መለኪያው የማንን ጣት ያውቃል?

ሕመምተኛው «አየር አጠረኝ» ይላል። ነርሷ ጣቱ ላይ መለኪያዋን ሰክታ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፤ 94 የሚል ቁጥር ይመጣል። «ሳቹሬሽንህ ደህና ነው፣ አይዞህ» ብላው ወደ ቀጣዩ አልጋ ታልፋለች። ነርሷ አልዋሸችም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ሕመምተኛው ቆዳው ጥቁር ከሆነ ግን በደሙ ውስጥ ያለው እውነተኛው የኦክስጅን መጠን (ሳቹሬሽን) ከ88 በመቶ በታች የመሆን ዕድሉ ከነጭ ሕመምተኛ በእጅጉ ይበልጣል።

በሕክምና ቦታ የሚደርስ አድልዎ ሲነሳ የሚታየን ፊቱን የሚያጠቁር ሐኪም ወይም ወረፋ የሚያዘልል ካርድ ክፍል ነው። ማንም ክፋት ሳያስብ መሣሪያ ውስጥ የተቀመጠው አድልዎ ግን የከፋ ይመስለኛል፤ ተበዳዩም ሆነ በዳዩ አያየውምና።

ነርሷ የሰካችው ፐልስ ኦክሲሜትር የሚባል መሣሪያ በአንድ ወገኑ ሁለት መብራት አለው፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ። በሌላ ወገኑ ያለው ሴንሰር ጣትን አልፎ የሚመጣውን ብርሃን ይቀበላል። ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢን ኢንፍራሬዱን አብልጦ ይውጣል፤ ኦክስጅን የሌለው ደግሞ ቀዩን። መሣሪያው ሁለቱን አነጻጽሮ በመቶኛ ያስቀምጣል።

ትልቁ ብልሃት የጃፓናዊው መሐንዲስ የታኩዎ አዮያጊ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከልብ የሚወጣውን የደም መጠን በብርሃን ለመለካት ሲሞክር የደም ሥር ምት ልኬቱን እያወከ አስቸገረው። በኋላ ግን ያ ምት ራሱ ጠቃሚ መሆኑ ገባው። ከልብ ትርታ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው የደም ወሳጅ ሥር ደም ብቻ ነው፤ ቆዳ፣ አጥንትና ሥጋ አይመቱም። ስለዚህ የሚመታውን ብቻ ለይቶ ቢለካ የቀረው ሁሉ ከስሌቱ ይወጣል።

የቆዳ ቀለምም አብሮ ይወጣል ተብሎ ታመነ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል። በተግባር ግን ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን ከኢንፍራሬዱ ይልቅ ቀዩን ብርሃን አብልጦ ይውጣል፤ ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ምልክት ይደክማል፣ የሁለቱ ብርሃን ንጽጽርም ይዛባል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ቁጥሩ የሚገኝበት መንገድ ነው። መሣሪያው መቶኛውን ከፊዚክስ ቀመር ብቻ አያወጣም። አምራቹ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞችን ኦክስጅኑ የቀነሰ አየር እያስተነፈሰ ከደም ወሳጅ ሥራቸው ደም ይቀዳል፤ የደሙን ውጤት ከብርሃኑ ንባብ ጋር አዛምዶ ሰንጠረዥ ይሠራል። በእኛ ጣት ላይ የሚታየው ቁጥር ከእነዚያ ሰዎች አካል የተቀዳ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ባወጣው መመሪያ ለሙከራው ቢያንስ 10 ሰው እንዲሳተፍ፣ ከእነሱም ቢያንስ ሁለቱ ወይም 15 በመቶው ጥቁር ቆዳ ያላቸው እንዲሆኑ ነበር የሚጠይቀው። ሁለት ሰው!

ጉዳዩ ድብቅ አልነበረም። በ1990 የታተመ ጥናት በመተንፈሻ ማሽን ላይ ባሉ ጥቁር ሕመምተኞች ስሕተቱ እንደሚበዛ አሳይቷል። በ2005 የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች በጤነኛ ሰዎች ላይ ሞክረው ተመሳሳይ ነገር አገኙ፤ ኦክስጅን ባነሰ ቁጥር ስሕተቱ ይሰፋል። የተንቀሳቀሰ ግን አልነበረም። ኮቪድ መጥቶ አንድ ቁጥር ማን ሆስፒታል ይተኛ፣ ማን ኦክስጅን ያግኝ፣ ማን ወደ ቤቱ ይመለስ የሚለውን መወሰን ሲጀምር ነው ዓለም የነቃው። በታኅሣሥ 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ያወጡት ውጤት እንዲህ ይላል፦ መለኪያው ከ92 እስከ 96 ካሳየባቸው ንባቦች መካከል የደም ምርመራው ከ88 በታች የሆነው በነጮች 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች 11.7 በመቶ ነበር። በኋላ የወጡ ጥናቶችም ጥቁር የኮቪድ ሕመምተኞች መድኃኒት እንደሚገባቸው ሳይታወቅላቸው መዘግየቱን አሳይተዋል። ሠላሳ ዓመት የታወቀ ጉድለት ሰው እስኪጎዳ መጠበቁ ያንገበግበኛል።

አገራችን ውስጥ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ጥርጣሬውን በደም ምርመራ የሚያጣራው የደም ጋዝ መለኪያ በብዙ ሆስፒታሎቻችን የለም፤ ጤና ጣቢያ ላይማ አይታሰብም። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ነው። አዲስ አበባም ሆነ ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ስለሆኑ የጤነኛው ሰው ሳቹሬሽንም ከባሕር ጠረፍ ነዋሪው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ባለሙያው ዝቅ ያለ ቁጥር ማየት ለምዷል። ስለዚህ አተነፋፈሱ የተፋጠነ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ግራ የተጋባ ሕመምተኛ ቁጥሩ «ደህና» ቢልም ደህና አይደለም። ከአንዱ ንባብ ይልቅ በየሰዓቱ የሚታየው ለውጥ ይበልጥ ይታመናል። የቀዘቀዘ ጣት፣ የጥፍር ቀለምና ጥቁር ሂናም ንባቡን ሊያበላሹ ይችላሉ።

መሣሪያው ይጣል ማለቴ አይደለም። በማደንዘዣ ክፍልና በሕፃናት ሳንባ ምች ሕክምና ያተረፈው ነፍስ ብዙ ነው። ሊሻሻል ይችላል፤ ይገባዋልም። እንግሊዝ በ2024 ባወጣችው ነጻ የግምገማ ሪፖርት ጉድለቱን አምናለች። አሜሪካ ደግሞ በጥር 2025 ባቀረበችው ረቂቅ መመሪያ የተሳታፊዎቹ ቁጥር ወደ 150 ከፍ እንዲልና የቆዳ ቀለማቸው በዓይን ግምት ብቻ ሳይሆን በመለኪያም እንዲመዘገብ ሐሳብ አቅርባለች። ረቂቁ የሚመለከተው ግን ለሕክምና ተብለው የሚፈቀዱትን ነው። ቤተሰብ ለእናቱ ብሎ ከሱቅ የሚገዛው ርካሽ የጣት መለኪያ በዚህ ውስጥ አይገባም።