ኔጋቲቩን አትጣሉት

ሲኒማ ራስ አካባቢ ወዳለው ፎቶ ቤታችን የፊልም ካሜራ አንግተው የሚመጡ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ካሜራው የአባት ወይም የአያት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የገባ ዜኒት። ሲመጡ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ሲወጡ ጥለውት የሚሄዱት ነገር ነው።

በቅርቡ አንዱ 36 ፎቶ ያነሳበትን ጥቁርና ነጭ ፊልም አሳጠበ። ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ተላከለት። ስልኩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ከሁሉ በላይ የጓጓለት ፎቶ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ጭነቱን ተደግፎ ያረፈ ተሸካሚ፣ ፊቱ ከሰል መስሎ ወጥቷል። ኔጋቲቩን ዘረጋሁለት። «ጋሼ፣ እሱ ምን ያደርግልኛል? ይጣሉት» ብሎኝ ሄደ።

መብራት ላይ ዘርግቼ በማጉያ መነጽር አየሁት። የሰውዬው ፊት አለ። ጥላው ያረፈበት ቦታ ስስ ቢሆንም የግንባሩ መስመር፣ ያልተላጨው ጢሙ፣ ትከሻው ላይ ያነጠፈው ጆንያ ሳይቀር ይለያል። ከኋላው ፀሐይ የመታው መንገድ ግን ኔጋቲቩ ላይ ጠቁሮ ወፍሯል። ማሽኑ ለመንገዱ አደላና ሰውዬውን ጨለማ ውስጥ ተወው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ቢታተም፣ መብራቱ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ፊቱን ለጥቂት ሰከንድ በእጅ ከለል ማድረግ ይበቃው ነበር። ልጁ ያነሳው በትክክል ነው። ተበላሸብኝ ብሎ የሄደው የማሽን ምርጫ አይቶ ነው።

ስንቱን ሰው እንዳስረዳሁ እኔ አውቃለሁ፤ ሰሚ ግን የለም። ስልክ ላይ የመጣውን ፎቶው ራሱ፣ ኔጋቲቩን ግን ማሸጊያው አድርገው ይቆጥሩታል። ስካን ማለት አንድ ማሽን በአንድ ቀን ኔጋቲቩን ያነበበበት መንገድ ነው። ቴሌግራም ደግሞ በፎቶ መልክ ሲልኩበት ምስሉን ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ ሳይነካ እንዲደርስ በፋይል መላክ አለበት። ኔጋቲቩ ካለ የዛሬ ሃያ ዓመት በተሻለ መሣሪያ እንደገና ይነበባል። ከሌለ ግን በእጃችሁ የሚቀረው ያ የተጨመቀው ነው። ጠይም ፊት ደግሞ የማሽን ምርጫን ዋጋ ቀድሞ ይከፍላል። የቀለም ፎቶ ላቦራቶሪዎች ለአሥርት ዓመታት ማሽናቸውን ሲያስተካክሉ የኖሩት የነጭ ሴት ምስል ባለበት የኮዳክ ካርድ እየለኩ ነው። ስለዚህ «ፊቴ ጠቆረ» ብሎ ፎቶ አንሺውን ከመውቀስ በፊት ኔጋቲቩን ማየት ይገባል።

እኛ በልጅነታችን የጀመርነው ከዚሁ ከፊልሙ ነው። ከሲኒማ የተጣለ የፊልም ቁራጭ ስናገኝ ለፀሐይ ይዘን እንሻማበት ነበር። ሲኒማ ቤቶች ሲያሳዩት የኖሩት ፊልም ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዜኒቱም ያው ነው። በ1925 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገበያ ላይ የወጣው ላይካ ካሜራ የሲኒማውን ፊልም በጎን አስተኝቶ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ምስል ስላነሳበት ነው ይህ ልክ ዓለምን ያዳረሰው። ኋላ ፎቶ ቤት ስቀጠር አለቃዬ ካሜራ ከማስነካቱ በፊት ያስተማረኝ ኔጋቲቭ ማንበብ ነበር። የቱ ብርሃን እንዳነሰው፣ የቱ እንደበዛበት፣ የቱ እጥበቱ እንዳጠረ ስለይ ዋልኩ። ፎቶ ማንሳት የገባኝ ያኔ ነው።

ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህም ካናዳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ከጨለማ ክፍል ነው የጀመረችው። ኋላ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ አነሳች፤ አገሯ ተመልሳም በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል መሠረተች። ፎቶ ማንሳት የልጅ መዝናኛ ነው ብሎ ለሚያጣጥል ወላጅ ሁሌ የምነግረው ይህንን ነው። ኔጋቲቭ ምን ያደርጋል ለሚለኝ ደግሞ ቪቪያን ማየርን እጠቅስለታለሁ። ቺካጎ በሞግዚትነት የኖረች ሴት ናት። ከ100 ሺህ በላይ ምስል አንስታ አብዛኛውን ሳታሳትም ነው የሞተችው። ዛሬ ስሟ የሚጠራው ያስቀመጠቻቸው ኔጋቲቮች በሐራጅ ተሸጠው ሰው እጅ ስለገቡ ብቻ ነው።

አያያዙ ከባድ አይደለም። ጠርዙን ብቻ መያዝ፣ በስድስት በስድስት ቆርጦ በንጹሕ ወረቀት ኪስ ማስገባት፣ ቀኑን ከላይ መጻፍ ነው። ክረምት ላይ እርጥበት ከሚገባበት ግድግዳ ማራቅ ያስፈልጋል፤ ሻጋታ አንዴ ከገባበት አይለቅም። አልጋ ሥር ፌስታል ውስጥ የታጨቀ ግን እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሚዘጉት ፎቶ ቤቶች ናቸው። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት፣ የጉርድ ፎቶ ኔጋቲቭ በየካርቶኑ ተጭኖ ወደ ቆሻሻ ሲሄድ አይቻለሁ። የብዙ ቤተሰብ ብቸኛ ቅጂ እዚያ ውስጥ ነው። እባካችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሱቃችሁን የምትለቁ ከሆነ ካርቶኖቹን ከማውጣታችሁ በፊት በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፉ፤ ደንበኞቻችሁ መጥተው የራሳቸውን ይውሰዱ። ባለቤቱ ያልመጣውንም ፊልም ማንበብ ለሚፈልጉ ልጆች አደራ ብላችሁ ስጧቸው።