የገና ስጦታ ከጓዳ፦ ለዘመድ የሚላክ ምግብ ሳይበላሽ እንዲደርስ

የልደት በዓል ሲቃረብ በየመናኸሪያው የሚጫነው ዕቃ መልኩ ይለወጣል። ከገጠር ወደ ከተማ በሚገቡ አውቶቡሶች ላይ ቅቤ የተሞላ ቅል፣ ማር የያዘ ጄሪካን፣ በከረጢት የታሰረ ሽሮና በርበሬ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ ይታያል። ከከተማ ወደ ገጠር በሚወጡት ላይ ደግሞ ቡናና ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ይጫናል። በአገራችን ባዶ እጅን ወደ ዘመድ ቤት መግባት ነውር ነው። ለወላጅ፣ ለአማች፣ ለአበልጅና ለጎረቤት የሚሰጠው የዓውደ ዓመት ስጦታም ከሱቅ ከሚገዛው ይልቅ በቤት የተዘጋጀው ይከበራል፤ የሰጪው ድካም አብሮት አለና።

ይህ ስጦታ የብዙ ሳምንታት ልፋት ውጤት ነው። መንገድ ላይ ቢሻግት ወይም ቢበላሽ ልፋቱ ከንቱ ይቀራል። ከዚያም በላይ በጥንቃቄ ያልተዘጋጀ ምግብ ተቀባዩን፣ በተለይም ሕፃናትንና አረጋውያንን ለሕመም ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ የትኛው ምግብ ለሩቅ መንገድ፣ የትኛው ለቅርብ ጎረቤት እንደሚሆን፣ እንዴትስ ተዘጋጅቶ እንደሚታሸግ ማወቅ ተገቢ ነው።

ለምግብ መበላሸት ዋናው ምክንያት እርጥበት ነው

ምግብን የሚያበላሹት ሻጋታና ባክቴሪያ ለመራባት ውኃ ያስፈልጋቸዋል። እናቶቻችን ለመንገድ ስንቅ ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ሲመርጡ የኖሩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እነዚህ ምግቦች ውኃቸው በእሳት የወጣላቸው ናቸው። በዚህ መመዘኛ የገና ስጦታዎችን በአራት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ደረቆቹ ናቸው፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ። ሁለተኛው ውኃው ተለይቶ የወጣለት ስብ፣ ማለትም ንጥር ቅቤ ነው። ሦስተኛው ከጣፋጭነቱ ብዛት የተነሣ ተሕዋስያን የማይራቡበት ማር ነው። እነዚህ ሦስቱ ሩቅ መንገድ ይችላሉ። አራተኛዎቹ እርጥብ ምግቦች ናቸው፦ ድፎ ዳቦ፣ ዐይብ፣ የተሠራ ወጥ። እነዚህ ግን በዕለቱ ወይም በማግስቱ ሊበሉ የሚገባቸው በመሆናቸው ለቅርብ ሰው ይስማማሉ።

ዳቦ ቆሎ፦ በጾምም በፍስክም የሚበላ ስጦታ

ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾም የሚፈታው በበዓሉ ዕለት ነው። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት የሚደርስ ስጦታ ለጾመኛ የሚሆን ቢሆን ይመረጣል። ዳቦ ቆሎ ለዚህ ተስማሚ ነው።

ለ1 ኪሎ ግራም የስንዴ ዱቄት 1 የቡና ሲኒ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይበቃል። በርበሬ የማይወድ በምትኩ ጥቁር አዝሙድና ጥቂት ስኳር መጨመር ይችላል። ደረቁ ከዘይቱ ጋር በእጅ ከታሸ በኋላ ከግማሽ ሊትር ያነሰ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ጠንከር ብሎ ይቦካል። ሊጡ ተሸፍኖ 20 ደቂቃ ያህል ካረፈ በኋላ እንደ ገመድ እየተድቦለቦለ የሽንብራ ፍሬ በሚያህል መጠን ይቆረጣል። ከዚያም በመካከለኛ እሳት በብረት ምጣድ ሳያቋርጡ እያማሰሉ መቁላት ነው።

እሳቱ ከበረታ ውጭው ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ይሆናል፤ ውስጡ ሊጥ የሆነ ዳቦ ቆሎ ደግሞ በጥቂት ቀናት ይሻግታል። መብሰሉን ለማረጋገጥ ጥቂት ፍሬ አቀዝቅዞ መስበር ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ውስጡ ደረቅ ከሆነ ደርሷል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ማሸግ አይገባም፤ እንፋሎቱ በዕቃው ውስጥ ተመልሶ ውኃ ይሆናልና። በደንብ ደርቆ በተከደነ ዕቃ የተቀመጠ ዳቦ ቆሎ ለሳምንታት ይቆያል።

ንጥር ቅቤ፦ በድምፅና በሽታ የሚታወቅ ሙያ

ለጋ ቅቤ በውስጡ ውኃና የአሬራ ቅሪት ስላለው ቶሎ ይበላሻል። የማንጠር ዓላማም ይህን ውኃና ቅሪት ማስወገድ ነው። ቅቤው በዝቅተኛ እሳት ይቀልጣል፤ የሚወጣው አረፋ ይገፈፋል። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽና እርድ እንደየቤቱ ልማድ ተመጥነው ይገባሉ።

በጾሙ ወራት ቅቤ የምታነጥር ባለሙያ ቀምሳ ማስተካከል አትችልም። ስለዚህ ቅመሙን አስቀድሞ መመጠን፣ ቅቤው ሲነጠርም በጆሮና በአፍንጫ መከታተል ያስፈልጋል። ውኃ እስካለው ድረስ ቅቤው ይንጣጣል፤ ውኃው ሲያልቅ ድምፁ ይረግባል፣ ቅቤውም ወለል ብሎ ሥሩ ይታያል። በዚህ ጊዜ ከእሳት ወርዶ፣ አተላው እስኪዘቅጥ ጥቂት ቆይቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ነጭ ሽንኩርት ወይም ዝንጅብል የገባበት ከሆነ ቁርጥራጩ እርጥበት ስለሚይዝ አንድም ሳይቀር ተጠልሎ መውጣት አለበት። ፍጹም በደረቀ የብርጭቆ ዕቃ ተከድኖ ከብርሃን በራቀ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ንጥር ቅቤ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል።

በዓል ሲደርስ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ ወደ ገበያ እንደሚወጣ የታወቀ ነው። ዱቄት ወይም ሙዝ የተጨመረበት ቅቤ ሲነጠር ከሥሩ ብዙ ዝቃጭ ይተዋል። ርካሽ የረጋ ዘይት የተቀላቀለበትን ግን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ስለሆነም ለስጦታ የሚሆን ቅቤ ከሚታወቅ ደንበኛ ወይም በቀጥታ ከአርሶ አደሩ ቤት መግዛት ይመረጣል።

ማር፦ መርጋቱ ጉድለት አይደለም

በብዙ አካባቢዎች የዓመቱ ዋና የማር ቆረጣ የሚከናወነው ከአደይ አበባ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በመሆኑም ለገና የሚላከው ማር አዲስ ነው። ያልደረሰና ያልተከደነ እንጀራ ተቆርጦ ከተቀላቀለ ግን ውኃው ይበዛል። የውኃው መጠን ከመቶ 20 ካለፈ ማሩ ሊፈላና ሊኮመጥጥ ይችላል። ንብ አናቢዎች በሰም የተከደነውን እንጀራ ብቻ እንዲቆርጡ የሚመከሩትም ለዚህ ነው።

ማር ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ይህ ተፈጥሮው እንጂ ስኳር የተቀላቀለበት ስለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። በክብሪት ማቃጠል ወይም በውኃ ውስጥ ማንጠብጠብን የመሳሰሉ የቤት ሙከራዎችም አስተማማኝ አይደሉም። የረጋውን ማር ማቅለጥ ቢያስፈልግ ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ፦ ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ሕፃን ማር ማቅመስ አይገባም። በማር ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉ፣ አዋቂን የማይጎዱ የባክቴሪያ ዘሮች በሕፃን አንጀት ውስጥ ነቅተው አደገኛ መርዝ ሊያመነጩ ይችላሉ። አራስ ቤት ማር የሚልክ ሰው ይህን አብሮ ቢነግር መልካም ነው።

በርበሬ፣ ሽሮና ለውዝ፦ ሻጋታን አለመናቅ

በእርጥብ መሬት ላይ የተሰጣ ወይም ሳይደርቅ የተከመረ በርበሬ ይሻግታል። በበርበሬ፣ በለውዝና በበቆሎ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደም ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። በመቁላትና በማብሰል ፈጽሞ አይወገድም። ስለዚህ የሻገተውን ዛላ ለይቶ መጣል እንጂ ከደህናው ጋር ቀላቅሎ ማስፈጨት ራስንም ተቀባይንም መጉዳት ነው። ለቆሎ የሚሆን ለውዝም ሲለቀም የጠወለገው፣ ቀለሙ የተለወጠውና የመረረው ሊወገድ ይገባል።

የታኅሣሥ ፀሐይ ለማድረቅ ምቹ ነው። በርበሬውን ከመሬት ከፍ ባለ ንጹሕ ምንጣፍ ላይ አስጥቶ፣ ማታ ጤዛ እንዳይነካው ማስገባት ይገባል። ለሽሮ የሚሆነው አዲስ ባቄላ፣ አተርና ሽንብራም ከአውድማ እንደተነሣ እርጥበት ስለማያጣው በሚገባ ደርቆ ሊቆላ ይገባዋል። ወፍጮ ቤት የተፈጨው ዱቄት ትኩስ እያለ አይታሰርም፤ ተዘርግቶ ሲቀዘቅዝ ነው የሚታሸገው።

ድፎ ዳቦ፣ ወጥና ዶሮ

በኮባ ተጋግሮ የወጣ ድፎ ዳቦ ሽታው ብቻ ዓውደ ዓመትን ያበሥራል። ትኩስ ሆኖ በላስቲክ ከተጠቀለለ ግን ላቦት ይይዝና ይሻግታል። ከበረደ በኋላ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ በሞሰብ ወይም በአገልግል መላክ ነው።

የተሠራ ዶሮ ወጥ ከምድጃ ከወረደ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልገባ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ለጎረቤት የተላከ ወጥም ከመቅረቡ በፊት እስኪንተከተክ ሊሞቅ ይገባል። ለሩቅ ዘመድ ግን የገጠሩ ልማድ ብልህነት አለው፤ ዶሮዋን በሕይወቷ፣ እንቁላሉንም ሳይሰበር በጭድ መካከል መላክ ከመበላሸት ያድናል።

ዕቃውም የስጦታው አካል ነው

ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከምግቡ ሳይሆን ከመያዣው ነው። የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም ኬሚካል የነበረበት ጄሪካንና ጠርሙስ በተደጋጋሚ ቢታጠብም ማር፣ ዘይትም ሆነ ጠላ ሊጨመርበት አይገባም። በማዳበሪያ ከረጢትም ሽሮ፣ በርበሬ ወይም ዱቄት መቋጠር ተገቢ አይደለም። ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የታሸ እህል በምንም ምክንያት ለምግብ አይውልም። ነቀዝ ለመከላከል ክኒን የተደረገበት እህልም የተወሰነለት ጊዜ ሳያልፍና በደንብ ሳይናፈስ ለቆሎ ወይም ለዱቄት መዋል የለበትም።

ለማን ምን ይሰጥ?

በዕቃው ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፎ የተዘጋጀበትን ቀን፣ የገባበትን ቅመም፣ «የጾም» ወይም «የፍስክ» መሆኑን መጻፍ ተቀባዩን ከጥርጣሬ ያድናል። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ከማር ይልቅ የገብስ ወይም የሽንብራ ቆሎ፣ የደም ግፊት ላለበት ጨው ያልበዛበት ይመረጣል። ለሙስሊም ጎረቤት ደግሞ በአገራችን የመከባበር ልማድ መሠረት ሥጋና ጠላ የማይነካው ስጦታ፣ ለምሳሌ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ማር ወይም ቡና ይላካል።

ማዕድ ለማጋራት ሲታሰብም የተቀባዩን ጓዳ ማሰብ ይገባል። ማገዶና ድስት ለሌለው ተፈናቃይ ወይም ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋዊ፣ ጥሬ እህል ከመስጠት ይልቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ዳቦ ወዲያው ይጠቅማቸዋል።

ስጦታው ባሕር ማዶ የሚሻገር ከሆነ የተቀባዩን አገር ሕግ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች መንገደኞች ከአብዛኞቹ የውጭ አገሮች ሥጋ፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ ይዘው እንዳይገቡ ይከለክላሉ፤ ቋንጣና ቅቤም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛም የያዘውን ምግብ ሁሉ ለጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታው ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከመወረስ በአገር ቤት ጠይቆ መሄድ ይሻላል።

ሥራው በየቀኑ ሲከፋፈል

በዓሉ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ይውላል። ከበዓሉ 2 ሳምንት አስቀድሞ እህሉንና በርበሬውን መልቀምና ማድረቅ፣ በቀጣዩ ሳምንት ማስፈጨትና ዳቦ ቆሎ መቁላት፣ 3 ቀን ሲቀረው ቅቤውን ማንጠር፣ በዋዜማው ድፎውን መጋገር ሥራውን ያቀልላል። ለሩቅ ዘመድ የሚሄደው ዕቃም መናኸሪያው ሳይጨናነቅ አስቀድሞ ቢላክ ለበዓሉ በጊዜ ይደርሳል፤ አንዲት እፍኝ ቆሎም ብትሆን በንጹሕ ተለቅማ፣ ደርቃና በሚገባ ታሽጋ ከደረሰች ለላኪውም ለተቀባዩም ክብር ናት።