«ለኮንትራክተሩ ጨርሼ ከፍያለሁ፤ ምን ያገባኛል?»

ሎስ አንጀለስ ያለ ወገናችን ወጥ ቤቱን አሳድሶ፣ ሒሳቡን ዘግቶ፣ ዘመድ ጠርቶ ቡና ካስፈላ በኋላ ፖስታ መጣለት እንበል። ላኪው ስሙን እንኳ የማያውቀው ሴራሚክ ሠራተኛ ነው፤ ኮንትራክተሩ ስላልከፈለኝ ቤትህ ላይ ሊን አስመዝግቤአለሁ ይላል። ሊን ቤቱ ላይ የሚመዘገብ የዕዳ መያዣ ነው። ሰውየው ጮኸ፦ «እኔ እኮ ከፍያለሁ!»

ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ መልስ አያድንም። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ራሱ፣ በአንቀጽ 14 ክፍል 3፣ ጉልበቱን ወይም ዕቃውን ቤት ላይ ያዋለ ሰው በዚያው ቤት ላይ የመያዣ መብት ይሰጠዋል። ከባለቤቱ ጋር መፈራረም አያስፈልገውም። የተለጠፈ ሴራሚክ ተነቅሎ ስለማይመለስ ዋጋው ከቤቱ ይፈለጋል። በዚህ የተነሳ ባለቤቱ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። ያበሳጫል። ሁለቱንም የካዳቸው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ሕጉ ኪሳራውን ቤት ባለው ላይ ጣለው።

አዲስ ብልጠት የሚመስለውም አለ። ነገሩ ግን ከአሜሪካ ጋር ያረጀ ነው፦ የመጀመሪያውን የሊን ሕግ ሜሪላንድ ያወጣችው በ1791 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጄፈርሰንና ማዲሰን የደገፉት ገና ስትቆረቆር የነበረችው ዋሽንግተን ግንበኞችን እንድትስብ ነበር።

«ቤቴን ሊወስዱት ነው» የሚለው ፍርሃት ደግሞ ይበዛል። ሊን ያስመዘገበ ሰው በ90 ቀን ውስጥ ክስ ካልመሠረተ መብቱ ይወድቃል፤ ቤቱም የሚሸጠው ፍርድ ቤት ካዘዘ ብቻ ነው። ጣጣው ሌላ ቦታ ነው፦ ልሽጥ ወይም ሪፋይናንስ ላድርግ ባሉ ጊዜ ሊኑ መዝገቡ ላይ ተገኝቶ መንገድ ይዘጋል። ቀኑ ያለፈበትም ቢሆን በራሱ አይፋቅም። አስመዝጋቢው እንዲያነሳው በጽሑፍ ጠይቆ 10 ቀን መጠበቅ፣ እምቢ ካለ ለፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል።

ሰው አብዝቶ የሚስተው ሥራው እንደተጀመረ የሚመጣውን ቅድሚያ ማስታወቂያ ነው። አንዱ ተከሰስኩ ብሎ እንቅልፍ ያጣል፣ ሌላው እንደ ፒዛ ማስታወቂያ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይከተዋል። ክስ አይደለም። ከኮንትራክተሩ ጀርባ ማን እንዳለ የሚነግር ወረቀት ነውና መያዝ ነው። ንዑስ ተቋራጭና ዕቃ አቅራቢ ሥራ በጀመሩ በ20 ቀን ውስጥ ሊልኩት ይገባል፤ ካዘገዩ ከመላካቸው 20 ቀን ቀድሞ ለተሠራው መብታቸውን ያጣሉ። በደመወዝ የሚሠራው የቀን ሠራተኛ ግን ይህን አይጠየቅም። ስለዚህ «ፖስታ አልመጣልኝም» ብሎ ሙሉ በሙሉ መረጋጋት አይቻልም።

ታዲያ በእጅ ያለው መከላከያ ምንድን ነው? ማስታወቂያ ከላከው ከእያንዳንዱ ሰው ሊን መልቀቂያ መቀበል። የኮንትራክተሩ ፊርማ ብቻውን ለሌሎቹ አይሠራም። ሕጉ ያወጣቸው ቅጾች አሉ፦ ቼኩ ሲሰጥ፣ ክፍያው ሲገባ ብቻ የሚጸናው፤ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ደግሞ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚለቀው። ወይም ቼኩን በኮንትራክተሩና በንዑስ ተቋራጩ በሁለቱም ስም መጻፍ፤ ቼክ መጻፍ የማይወድ አበሻ እንኳ ለዚህ ቢለምደው አይከፋም። «ፈቃድ አለው፣ ቦንድም አስይዟል» ማለትስ? ፈቃዱን ማጣራት ደግ ነው። ቦንዱ ግን 25,000 ዶላር ብቻ ነው፤ የተጎዱት ሁሉ ይሻሙበታል።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው የሰውየው ወንድም ግን ይህን በስልክ ሰምቶ እንዳይደነግጥ። ሕጉ በየግዛቱ ይለያያል፤ በቨርጂኒያ የንዑስ ተቋራጭ ሊን፣ ማስታወቂያው ሲሰጥ ባለቤቱ ለዋናው ኮንትራክተር ከቀረበትና በውሉ መሠረት ከዚያ በኋላ ከሚመጣበት ዕዳ አይበልጥም። እዚያ «ከፍያለሁ» ያስጥላል። ማስታወቂያው ከደረሰው በኋላ ለኮንትራክተሩ ከከፈለ ግን የሎስ አንጀለሱ ዕጣ እሱንም ያገኘዋል።