በመኖሪያ ግቢ የሚለጠፍ የግል «ቅጣት»፦ ግዴታው ከየት ይመነጫል?



የዛሬው ርእሴ ሲያዩት ትንሽ ነው። አንድ ሰው በሚኖርበት ሕንፃ ግቢ መኪናውን አቁሞ ያድራል። ሲነጋ በመስታወቱ ላይ «ያለ ፈቃድ ስለቆሙ ቅጣት ይክፈሉ» የሚል ወረቀት ያገኛል። ወረቀቱን የጻፈው የትራፊክ ፖሊስ አይደለም፤ ማቆሚያውን እንዲያስተዳድር የተቀጠረ የግል ድርጅት ነው። ይህ ወረቀት በሕግ ፊት ምንድን ነው?

እንዲህ ያለው ክርክር በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች የተለመደ ነው። ወላይታ ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት። ሕንፃውና ተሽከርካሪው በበዛ ቁጥር ጥያቄው የእኛንም ደጅ ማንኳኳቱ አይቀርም። ስለዚህ ጉዳዩን በራሳችን ሕግ እንመርምረው።

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ቅጣት መጣል የመንግሥት ሥልጣን ነው። የትራፊክ ፖሊስ የሚቀጣው ከትራፊክ መቆጣጠሪያ ሕጎች በሚያገኘው ሥልጣን ነው። የግል ድርጅት ይህ ሥልጣን የለውም። ወረቀቱ ቀይ ቀለምና ማኅተም ቢኖረውም በይዘቱ የገንዘብ ጥያቄ ብቻ ነው። ወረቀቱ የተለጠፈበት ሰውም ጥፋተኛ የተባለ ሰው ሳይሆን ገና ዕዳ ያልተረጋገጠበት ሰው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2001 መሠረት ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ወገን የግዴታውን መኖር የማስረዳት ሸክም አለበት። እንግዲህ መነሻው «ለምን አልከፈልክም?» የሚለው አይደለም፤ «ግዴታው ከየት መጣ?» የሚለው ነው።

ድርጅቱ የሚሰጠው መልስ «ከውል» የሚል ነው። ሰሌዳ ሰቅያለሁ፤ አሽከርካሪው አይቶ በማቆሙ ተስማምቷል ይላል። ይህ ክርክር በጭፍን የሚጣል አይደለም። አንቀጽ 1681 ስምምነት በቃልና በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በድርጊትም ሊገለጽ እንደሚችል ይቀበላል። ነገር ግን ሁለት አጥሮች አሉ። አንደኛው አንቀጽ 1682 ነው። ተረታችን ዝምታ ወርቅ ነው ቢልም፣ በውል ሕግ ዝምታ በመርህ ደረጃ እንደ መቀበል አይቆጠርም። ሁለተኛው አንቀጽ 1686 ነው። አንድ ነጋዴ በራሱ ያወጣቸው አጠቃላይ የሥራ ሁኔታዎች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት፣ ያ ወገን ዐውቋቸው የተቀበላቸው እንደሆነ ወይም በመንግሥት ባለሥልጣን የተደነገጉ ወይም የጸደቁ ሲሆኑ ነው። መብራት በሌለበት ጥግ የተሰቀለ፣ ፊደሉ የደቀቀ ወይም አሽከርካሪው በማያነበው ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ሰሌዳ ይህን ፈተና ማለፍ ይከብደዋል።

ከእንግሊዝ ሁለት ፍርዶችን እናንሣ፤ እኛን አያስገድዱም፤ ግን ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአንድ የገበያ ማዕከል ማቆሚያ የመጣ ጉዳይ ወሰነ። ማቆሚያው ለሁለት ሰዓት ነፃ ነበር፤ ባለመኪናው አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ስላሳለፈ 85 ፓውንድ ተጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ክፍያውን አጸና። ሰሌዳዎቹ ጎልተው ይታዩ ነበር፤ ቦታው ለሌሎች ገበያተኞች እንዲለቀቅ ማድረግም ተገቢ ጥቅም ነው ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ግን ኦክስፎርድ ላይ በይግባኝ የታየ ጉዳይ በሌላ መልክ ተቋጨ። የአንድ መኖሪያ ሕንፃ ተከራይ ጠረጴዛ ለማውረድ ለጥቂት ደቂቃ በበሩ አጠገብ በመቆሟ ክፍያ ተጠየቀች። ዳኛው ዕቃ ለማራገፍ ለአፍታ መቆም «ማቆም» እንዳልሆነ፣ በኪራይ ውሏ ያገኘችውን መብትም አከራዩና ድርጅቱ በሰሌዳ ብቻ ሊቀንሱባት እንደማይችሉ ወሰኑ።

የሁለቱ ልዩነት የዛሬው ንግግሬ አስኳል ነው። ገበያተኛው የመጣው በሌላ ሰው ቦታ ላይ ሲሆን፣ የመቆም መብቱን ያገኘው ከሰሌዳው ነው። ነዋሪ ግን መብቱ ከሰሌዳው ይቀድማል። በእጁ ያለውን ነገር እንደ አዲስ ሊሸጡለት አይቻልም።

ይህ አስተሳሰብ ለወላይታ እንግዳ አይደለም። በገጠሩ ከጎጆው ፊት ንጹሕ የሣር መስክ፣ ከጓሮው እንሰትና ቡና ይታያል። መስኩ ላይ እንግዳ ይቀመጣል፣ ልጆች ይጫወታሉ። ከመንገድ የመጣ ሰው እዚያ መስክ ላይ ምልክት ተክሎ የቤቱን አባወራ ክፈል ቢለው ማን ይሰማዋል? ከባዱ ነገር በጋራ ሕንፃ ውስጥ ደጁ የብዙ ሰው መሆኑ ነው።

ለዚህ አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለን። አዋጁ በግል የሚያዘውን ቤት ከጋራ መጠቀሚያው ይለያል፤ የጋራውን የሚያስተዳድረውም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በአግባቡ ተሰብስቦ ስለ ማቆሚያ መተዳደሪያ ደንብ ቢያወጣ አባላቱ ሊያከብሩት ይገባል። ነዋሪ ስለሆንኩ የፈለግሁበት እቆማለሁ ማለት ለጎረቤት በደል ነው። የግል ድርጅቱ ግን ከማኅበሩ የበለጠ መብት ሊኖረው አይችልም፤ ማንም የሌለውን አይሰጥም። ስለዚህ ደንቡን ማን አጸደቀው፣ ቃለ ጉባኤው የት አለ፣ ለድርጅቱ የተሰጠው ውክልናስ ገንዘብ መሰብሰብን ያካትታል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ተከራይም ከአከራዩ ያገኘውን የመጠቀም መብት ይዞ መከራከር ይችላል።

የገንዘቡ መጠን ጉዳይ ደግሞ አለ። ሕጋችን ከአንቀጽ 1889 ጀምሮ ተዋዋዮች መቀጫን አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል፤ ባለመብቱ ጉዳት ባይደርስበትም እንኳ ሊጠይቀው ይችላል። ዳኛው መቀጫ የሚቀንስበት በርም ጠባብ ነው፤ በዋናነት ውሉ በከፊል የተፈጸመ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ተከራካሪ «ገንዘቡ በዛ» በሚለው ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም። በእኛ ሕግ የክርክሩ ዋና ምሽግ «ውል አልነበረም» የሚለው ነው።

በተግባር ምን ይደረግ? ሰሌዳውን፣ የቆሙበትን ቦታና ወረቀቱን ፎቶ አንሡ። የቤት ወይም የኪራይ ውላችሁን አውጡ። ለድርጅቱም ለማኅበሩም በጽሑፍ ተቃውሞ አቅርቡ፤ ቀን ያለበት ቅጂም ያዙ። ጎማ ታስሮ ለማስፈታት የግድ ብትከፍሉ፣ በተቃውሞ እንደከፈላችሁ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ያልተገባ ክፍያን ማስመለስ በአንቀጽ 2164 ይቻላል፤ ግዴታ እንደሌለበት እያወቀ በፈቃዱ የከፈለ ሰው ግን ይቸገራል። ሰንሰለቱን ግን አትስበሩ። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ባሉበት ይቆሙ የነበረው ጉልበት ለፍርድ ቦታ እንዲለቅ ነው። ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጋጭ ከሆነ ሽማግሌ ይቅደም። በይዞታችሁ የመጠቀም መብታችሁ ከታወከ በአንቀጽ 1149 የሁከት ይወገድልኝ ክስ አለ፤ ጊዜው ግን ሁለት ዓመት ነው።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብ መብት ለማንም ሰው ይሰጣል። አንድ ወገን ሕግ አውጪም፣ ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ገንዘብ ተቀባይም ሆኖ በአንዲት ወረቀት ሲመጣ፣ ነዋሪውም ክርክሩን ስለማያውቅ ብቻ ሲከፍል፣ የሚጠፋው ጥቂት ብር ብቻ አይደለም፤ የመደመጥ ልማድ ነው። ከእናንተ መካከል ነገ ጠበቃ፣ ዳኛ ወይም የማኅበር ሊቀመንበር የምትሆኑ አላችሁ። ወረቀቱ በእጃችሁ ሲገባ አስቀድማችሁ ምንጩን ጠይቁ።