«ኤስኤምቢ 1 ክፈቱ» የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉን!

ዛሬ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። የደንበኞቿ ሒሳብ ያለው ዊንዶውስ 7 ባለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነው። አሁን ዊንዶውስ 11 ያለው ላፕቶፕ ገዝታለች፤ የሒሳብ ፕሮግራሟን ፒችትሪን በቤቱ ኔትወርክ ከላፕቶፑም መክፈት ትፈልጋለች። ከእኔ በፊት የመጣው «ቴክኒሻን» የሠራውን ሳይ ደሜ ፈላ። ፋየርዎል ጠፍቷል። አንቲቫይረስ ጠፍቷል። ድራይቭ ሲ እንዳለ ለ«ኤቭሪዋን» ሼር ተደርጓል። በዚህ ላይ ኤስኤምቢ 1 የሚባለው አሮጌ የፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮል ተከፍቷል። ፒችትሪው ግን አሁንም አልከፈትም ብሏል!

በየቴሌግራሙ የሚዞረውን ምክር ቃል በቃል ነው የፈጸመው። እንግዲህ በቅደም ተከተል፦

1. ኤስኤምቢ 1 ግድ የሚሆነው ከማሽኖቹ አንዱ ኤክስፒ ወይም ከዚያ በፊት የነበረ ከሆነ ነው። ኤስኤምቢ 2 ከቪስታ ጀምሮ አለ። ዊንዶውስ 7 እና 11 ያለዚህ ጉድ ይግባባሉ። ስንት ጊዜ ልናገር?

በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ሥራ ያስፈታው በዚሁ በር ገብቶ ነው። ማስተካከያው መጋቢት ላይ ወጥቶ ነበር፤ ያልጫነው ግን ብዙ ነበር። ከተጠቁት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 ነበሩ፤ ልብ በሉ፣ የዚህች ሴት ዴስክቶፕም ሰባት ነው! ማይክሮሶፍት በጥቅምት 2010 ባወጣው ዊንዶውስ 10 ላይ ኤስኤምቢ 1ን ዘግቶ የላከው ሊያስቸግራችሁ ፈልጎ አይደለም።

«እኔ ግን ስከፍተው ሠራልኝ» የሚል አይጠፋም። አልሠራም፤ ታየህ እንጂ። «ኔትወርክ» የሚለውን ስትከፍት የሚመጣው የኮምፒውተሮች ዝርዝር ድሮ በኤስኤምቢ 1 ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ኤስኤምቢ 1ን ስትከፍት የኮምፒውተሩ ስም ብቅ ይላል፣ አንተም ጨረስኩ ብለህ ሒሳብህን ተቀብለህ ትወጣለህ። ስሙ ባይታይስ? አድራሻ መጻፊያው ላይ ሁለት ባክስላሽ አድርገህ የዴስክቶፑን አይፒ ጻፍ። አለቀ።

2. ፓስወርድ። ዋናው ችግር ይሄ ነበር። የዴስክቶፑ ዩዘር ፓስወርድ የለውም፤ ዊንዶውስ ደግሞ ፓስወርድ የሌለውን ዩዘር በኔትወርክ አያስገባም። በ«ጌስት» ልግባ ብትሉም ዊንዶውስ 11 ፕሮ ከ24ኤች2 እትም ወዲህ እምቢ ይላል። ዴስክቶፑ ላይ ፓስወርድ ያለው ዩዘር ፍጠሩ፣ የፒችትሪውን ዳታ ፎልደር ብቻ ለእሱ ሼር አድርጉ።

3. ፐርቫሲቭ። ፎልደር ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ላፕቶፑ ዳታው ያለበት ማሽን ላይ ካለው ፐርቫሲቭ ከሚባለው የፒችትሪ ዳታቤዝ ሞተር ጋር በፖርት 3351 እና 1583 መነጋገር አለበት። ኔትወርኩን «ፕራይቬት» አድርጋችሁ እነዚህን ሁለቱን ፍቀዱ። ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ ማጥፋትን ምን አመጣው?

ደግሞ ዋይፋይ! ፒችትሪ በዋይፋይ አይሠራም አልልም፣ ግን መብራት እልም ሲል ዴስክቶፑና ራውተሩ ይሞታሉ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ፖስት እየተደረገ የነበረው ቫውቸር መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። የተበላሸ ፋይል ይዛችሁ የምትመጡት እኔ ዘንድ ነው። ኬብል ዘርጉ፣ ዩፒኤስ ግዙ።

ዴስክቶፑንም ከኢንተርኔት አውጡት፤ የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ያበቃው በ2012 ዓ.ም. ነው። አይፒውን በእጅ ሙሉ፣ ጌትዌይና ዲኤንኤስ የሚለውን ባዶ ተዉት። ላፕቶፑ ያገኘዋል፣ እሱ ግን ውጭ አይወጣም።

የማሠልጠኛ ተቋማቱስ? ሰርተፍኬት ያድላሉ፣ መሥሪያ ቤቱም «የፒችትሪ ችሎታ ያላት/ያለው» ብሎ ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ ባክአፕ አወጣጥ ግን ያስተማረ የለም። ይህቺ ጎበዝ ባለሙያ ፒችትሪው ተከፍቶ እያለ ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ኮፒ ታደርግ ነበር። በከፈለችበት ሥልጠና ያሳዩአት እንደዚያ ነው! ፕሮግራሙ ራሱ ፋይል ሜኑ ውስጥ «ባክ አፕ» የሚል አለው። ከዚያው አውጡ፣ ከዚያ ሌላ ማሽን ላይ ሪስቶር አድርጋችሁ መከፈቱን እዩ።