«ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» ከቱቫሉ እስከ ጣና ደሴቶች

ሰሞኑን ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ሬዲዮው ስለሚሰምጡ ደሴቶች ያወራ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ ያገራችን ሰው፣ «እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» አሉን። መልሳችንን ሳንጨርስ ወረዱ፤ እዚህ እንጨርሰው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ባሕር ከፍ የሚለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ሾፌሮች ታውቁታላችሁ፤ ሞተር ሲሞቅ የራዲያተር ውሃ በማጠራቀሚያው ላይ ከፍ ይላል። ሁለተኛ፣ ግሪንላንድንና አንታርክቲካን በመሰለ የብስ ላይ የተከመረ በረዶ እየቀለጠ ይገባበታል። ከ1900 ወዲህ ባሕሩ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ጨምሯል።

ትንሽ ይመስላል አይደል? ቱቫሉ የምትባለው የፓሲፊክ አገር ግን ከፍተኛው ቦታዋ 5 ሜትር አይሞላም። ማዕበል ሲነሳ ጨው ውሃ እርሻው ውስጥ ይገባል። ሕዝቧ 11 ሺህ ቢሆን ነው፤ በ2023 ከአውስትራሊያ ጋር በፈረመችው ውል በዓመት እስከ 280 ሰው ወደዚያ ሄዶ መኖር ይችላል። ስደት እነሱም ቤት ገባ ማለት ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስንና ክብራን ገብርኤልን ጨምሮ 37 ያህል ደሴቶች አሉ። የጣና አደጋ ግን ተቃራኒው ነው፤ የውሃ መጉደል። ሐይቁ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ሙቀት ሲጨምር ትነቱም ይጨምራል። በ2003 ምን ሆነ? ቀድሞ ዝናቡ አንሶ ነበር፣ በዚያ ላይ ለመብራት ኃይል በጨረጨራ በር ብዙ ውሃ ተለቀቀ። ሐይቁ ከዚያ በፊት ከተመዘገበው ሁሉ በታች ወረደ፤ መርከብ ለወራት ቆመ፣ የሸሸው ውሃ የተወው መሬት ታረሰ። በ2011 ደግሞ እምቦጭ ታየ።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቱቫሉዎች የሚዘጉት በር የላቸውም። ባሕራቸውን የሚያሞቀው ጭስ የሌላ አገር ነው፤ የእኛም ታክሲ ጭስ አለበት። ጣና ግን በር አለው። ዝናቡን ማዘዝ አንችልም፤ ምን ያህል ውሃ እንደሚለቀቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች አፈር ጠርገው እንዳያስገቡ እርከን መሠራቱን ግን ሰው ይወስናል።

ለእምቦጭ ማሽን ያዋጣችሁ ብዙ ናችሁ፤ እግዜር ይስጥልን። ከእንግዲህ ስለ ነቀላው ብቻ ሳይሆን ስለ በሩም እንጠይቅ። እኚያን ተሳፋሪ የምታውቁ ካላችሁ ይቺን አድርሱልን። ቸር እንሰንብት!